የመመለስ መያዣ

ላለፉት ሦስት ወራት ማታ ማታ የምጽፈው ግጥም አይደለም። ስንኝ ይቋጠርበት የነበረው ደብተሬ አሁን በዓምድ ተከፋፍሎ በከተማ ስም፣ በሌሊት ብዛት፣ በባቡር ሰዓትና በአውሮፕላን ዋጋ ተሞልቷል። ቢቸና ተቀምጬ ፍራንክፈርትን፣ ፓሪስንና ሮምን በዘጠኝ ቀን አዳርሳለሁ። እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሄጄ አሥራ አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ይህን የሚያነብ ወዳጅ «የባንክ ሠራተኛ ደመወዝ ከመቼ ወዲህ አውሮፓ ያስጎበኛል?» ብሎ ፈገግ ቢል አልቀየመውም። ጉብኝቱ የነገሩ ልብስ ነው፤ ገላው ሌላ ነው።

እኅቴ ከአገር ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። የምትኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው፤ ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። የያዘችው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከአንድ አገር በስተቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል፤ ያቺ የተቀነሰች አንዲት አገር የተወለደችባት አገር ናት። ስለዚህ እርሷ ወደ እናቷ መምጣት አትችልም። እናቴ ደግሞ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው የጥኖራ ነው፤ የልጅ ልጆቿን የምታውቃቸው በስልክ መስኮት ነው። ትንሹ ልጅ «አያትህ ናት» ሲሉት ስልኩን ገልብጦ ከኋላው ይፈልጋታል። ከዚህ በኋላ ጉዞው የሚነሣበትን ምክንያት አላብራራም።

መንገዱን ስናቅድ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፤ «በባቡር ነው በአውሮፕላን?» ይሉናል። እኔም እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ በሁለቱም አይደለም። ከየጥኖራ የተነሣ ሰው ደጀን ላይ ደርሶ ዐባይ በረሃን መውረድ አለበት። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጆሮ እየተደፈነ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ እየተዘጋ ስንት ሰው ከቀጠሮው ቀርቷል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ከፍራንክፈርት እስከ ፓሪስ አራት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ስመድብ፣ ከየጥኖራ እስከ አዲስ አበባ ግን ሦስት የመጠባበቂያ ቀን ጽፌያለሁ።

አውሮፓን በተመለከተ የመጀመሪያው ውሳኔ ትኬቱን የሚመለከት ነበር። ብዙ ከተማ የሚያይ ሰው ወደ ገባበት ከተማ ተመልሶ መውጣት የለበትም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ገብቶ ከሮም ቢወጣ አንድ ሙሉ ቀንና የአንድ መንገድ ወጪ ይተርፈዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር ይህ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ቅደም ተከተሉ ነበር። እኔ እኅቴን ከመጨረሻ አድርጌ፣ ጉዞው እየጣፈጠ እንዲሄድ አስቤ ነበር። ባለቤቴ፣ የሞጣ ልጅ ናት፣ ነገር አታስረዝምም፤ «አሥራ ሁለት ዓመት የናፈቀች እናት ሮም ላይ የፈረሰ ግንብ እየዞረች ልጇን ትጠብቅ ነው የምትለው?» አለችኝ። ፍራንክፈርት ፊተኛ ሆነች። አራት ሌሊት እዚያ፣ ሁለት ሌሊት ፓሪስ፣ ሁለት ሌሊት ሮም፤ እኅቴም ከነቤተሰቧ ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው ትጓዛለች።

ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ ስለሚወስደው ባቡር ብዙ ክርክር አልነበረም። አንዳንድ ቦታ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ መሐል ከተማ ያወርዳል። አውሮፕላን በአየር ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም ባይበልጥ፣ ወደ ጣቢያው የሚያስኬደው፣ የሚያስፈትሸውና ሻንጣ የሚያስጠብቀው ሰዓት ሲደመር ትርፉ ይጠፋል። ክርክሩ ከፓሪስ ወደ ሮም ባለው መንገድ ላይ ነበር። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ይበራል፤ ባቡሩ ሚላኖ ላይ ተለውጦ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ የባቡር መስመር በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተራሮች መካከል፣ ሞሪየን በሚባል ሸለቆ፣ በወረደ የድንጋይ ናዳ ተዘግቶ እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ድረስ አልተከፈተም ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለካ እነርሱም መንገድ ይዘጋባቸዋል ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ፤ የእነርሱ የተዘጋው የእኛ በተዘጋበት በዚያው ክረምት መሆኑም ገረመኝ።

ሒሳቡን ሠርቼ «አውሮፕላን» ብዬ ጻፍሁ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ላለው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቴ ደብተሩን አየችና ጠየቀችኝ፤ «ባቡሩ ውስጥ ጠረጴዛ አለ ወይ?» አለ፤ አራት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አለ። «እንግዲያማ እናትህ የምትፈልገው ይህንን አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለች። ዝም አልሁ። እኔ እንደ ወጪ የጻፍሁትን እርሷ እንደ ገቢ አነበበችው። በባቡር እንሄዳለን። እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኅቴ ከፊቷ፣ ልጆቹ ከጎን ከጎናቸው፤ አልፕስ የሚባለው ተራራ በበረዶው አምሮ ቢያልፍም ማንም አያየው።

እያንዳንዱ ከተማ በእኛ በኩል የሚነገር ነገር አለው። ፍራንክፈርት ለእኔ የእኅቴ ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 እ.ኤ.አ. የታተሙት እዚያ ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት ግን ከአምሐራ መካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሁለቱ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተገናኙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ እኛ በባቡር የምናልፈውን የአልፕስ ተራራ ተሻግረው እስከ ጎታ ድረስ ሄዱ። እዚያ ተቀምጠው ለጀርመናዊው ሊቅ የአገራቸውን ቋንቋና ታሪክ ነገሩት። ከዚያ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ፤ በ1658 እ.ኤ.አ. መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። በአማርኛ ስንኝ ለሚቋጥር ሰው ይህን ታሪክ አልፎ መሄድ ይከብደዋል። ቋንቋቸው ደርሶ ታተመ፤ እርሳቸው አልደረሱም።

ፓሪስ የልጄ ምርጫ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤ የኤፍልን ግንብ ቁመት፣ 330 ሜትር፣ በቃሏ ታውቀዋለች። ሮምን ግን እናቴ አልወደደቻትም። «የጣሊያንን አገር ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለች። አባቷ በበላይ ዘለቀ ዘመን በዚሁ በእኛ አገር ጫካ ገብተው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ሮም የሚለው ስም የሚነሣው ከቦምብ ጋር ነው። ሁለት ነገር አጫወትኋት። አንደኛው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከአገራችን የሚሄዱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት በዚያ ተቀምጠው ነው። ሁለተኛው፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው። ሐውልቱ ከ1937 እ.ኤ.አ. እስከ ሃያ አንደኛው ምዕት ዓመት መባቻ ድረስ ሮም ቆሞ፣ ሦስት ላይ ተከፍሎ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ ወደ አክሱም ተመለሰ። «ድንጋዩስ በአውሮፕላን ተመልሷል በለኛ» አለች እናቴ። «ባዶ ቦታውን ማየት ደስ ይለኛል» ብላ ሮምን ፈቀደች።

እስከዚህ ድረስ የእቅዱ ቀላል ክፍል ነበር።

ቪዛው ሌላ ሒሳብ አለው። የሸንገን አገሮች ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ኤምባሲ ነው፤ የእኛ ጀርመን ናት። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሆኗል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ አይከፍልም። ለእናቴ፣ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለልጄና ለአምስት ዓመቱ ወንድሟ ሲደመር 315 ዩሮ ይሆናል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከባንክ መስኮት ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው አይነገረውም፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ሲያልፍ ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ስንቀይር የነበርን እኛው ነን። ለእያንዳንዱ ተጓዥ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጠበቀ። ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት አገራችን ያለ ፈቃድ በአውሮፓ የሚገኙ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገችም የሚል ነው። በዚህም መሠረት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ይህ በከተሞቹ ዝርዝር ላይ በቀጥታ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በመካከል ለንደንን አያለሁ ቢል፣ ከሸንገን ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ልጄ ከደብተሬ ላይ ለንደንን በራሷ እጅ ሰረዘችው።

ከሁሉ የከበደው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ ቪዛው ሳያልቅ ተመልሰህ እንደምትወጣ ምን ማስረጃ አለህ? የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የቤት ካርታና የባንክ ስቴትመንት ይቀርባል። እኔ ለስንቱ ተጓዥ ስቴትመንት አውጥቼ ማኅተም እንዳደረግሁ ቁጥሩን አላውቀውም፤ የእኔን ባልደረባዬ አትሞ ሲሰጠኝ ወረቀቱ በእጄ ላይ ሌላ ክብደት ነበረው። ልምድ ያላቸው ወዳጆች ግን ወረቀቱ ብቻውን እንደማይበቃ ነገሩኝ። «ቤተሰብህን በሙሉ ይዘህ አታመልክት፤ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ይመለሳል ብሎ ማን ያምናል? ሚስትህን ወይም አንዱን ልጅ ተው» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ ለእኔ አስበው ነው። ነገር ግን ሥራዬ በብድር ክፍል ነውና ቃሉን ለማወቅ አልተቸገርሁም። የሚሉኝ «መያዣ አቅርብ» ነው።

ይህን ሳስብ አንድ ታሪክ ይመጣብኛል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ሚያዝያ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በጅቡቲ ወደብ በኩል ለረጅም ጉዞ ወጡ። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንን፣ ጄኔቭንና አቴንስን ጎብኝተው ክረምቱ ሲያበቃ ተመለሱ። ከተከተሏቸው መኳንንት መካከል የእኛው የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙበታል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረው ተጉዘው የመንገዱን ነገር በመጽሐፍ አስቀርተውልናል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ራስ ተፈሪ ታላላቆቹን መኳንንት ይዘው የሄዱበት አንዱ ምክንያት እርሳቸው በሌሉበት አገር ቤት ቀርተው እንዳያሤሩ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ተጓዡ ለመመለሱ ዋስትና ይሆነው ዘንድ የሚፈራቸውን አስከትሎ ሄደ። በዚህ ዘመን እኔ ለመመለሴ ዋስትና ይሆን ዘንድ የምወዳቸውን ትቼ እንድሄድ እመከራለሁ።

ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷም ብዙ አላሰበችም፤ «እኔና ትንሹ እንቀራለን፤ አንተ እናትህንና ልጅህን ይዘህ ሂድ» አለች። በልቤ ተቀበልሁት፤ በአፌ ግን ምንም አላልሁም። በሚቀጥለው እሑድ የጥኖራ ሄደን ቡና ሲፈላ ለእናቴ አነሣንላት።

የየጥኖራን ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ትንሽ ከተማ በደርግ ዘመን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ ገንኖ ነበር። ገበሬው መሬቱንም በሬውንም አንድ ላይ አደረገ፤ እናቴ ከአባቴ ጋር ሁለት በሬዎቻቸውን አስረክበዋል። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲለውጥ ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ። በሬ ያስረከበ ሰው ያስረከበውን በሬ መልሶ አላገኘም፤ የደረሰውን ወሰደ። እናቴ እስከ ዛሬ የሁለቱን በሬዎች ስም ትጠራለች።

የእኛን ምክር ሰምታ ሲኒውን አስቀመጠች። «ልጄ፣ በሬ ያስያዝን ጊዜ ይመለሳል ብለውን ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አስይዤ ምንም አልተቀበልሁም። ያችን ልጄን ለማየት ይህችን ልጄን አላስይዝም። ወይ ሁላችን እንሄዳለን፣ ወይ ሁላችን እዚህ እንቀመጥና በስልኩ እናያታለን።» ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። «ይህችን ልጄን» የተባለችው እርሷ ናት።

በብድር ክፍል አሥር ዓመት ስቀመጥ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። መያዣ ብድር አያስመልስም። ቤቱን አስይዞ የሸሸ አይቻለሁ፤ የሚያስይዘው አጥቶ በሰው ዋስ ተበድሮ ቀኑን ሳያሳልፍ የከፈለም አይቻለሁ። ሰው ብድሩን የሚመልሰው በአብዛኛው ነገም በዚያው ገበያ ስለሚውል፣ በዚያው ደብር ስለሚያስቀድስ፣ ልጁን በዚያው ሰፈር ስለሚድር ነው። ይህ ግን በፎርም ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። አበዳሪውንም አልወቅሰውም፤ የማያውቀውን ሰው በምን ይመን? እኔም በመስኮቴ በኩል የማላውቀውን ሰው ካርታ አምጣ እላለሁ። ብቻ የጠየቅሁት ሁሉ ቤቱን እንጂ ልቡን እንዳልነበረ አሁን አስባለሁ።

ለአምስታችንም አመለከትን። ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ማያያዝ ይፈቀዳልና እርሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፤ እንደ ግጥም ነበር የለፋሁበት። በመጀመሪያ ሳስበው በአማርኛ ነበርና አንድ ቃል አስቸገረኝ። በእኛ ቋንቋ ከቤት የሚወጣ ሰው «ሄድሁ» አይልም፤ «መጣሁ» ይላል። እግሩ ደጃፉን ሳይለቅ መመለሱን እንዳለቀ ነገር አድርጎ ይናገራል፤ የቀረውም ሰው ያምነዋል። ይህን በምን ቋንቋ ለባለ ሥልጣን ይጽፉታል? ትቼው የሥራ ዘመኔንና የቤቴን ካርታ ቁጥር ጻፍሁ። የቀረውን ወደ ደብተሬ መለስሁት፤ በሦስት ወር ውስጥ የጻፍኋት ብቸኛ ግጥም እነሆ፦

ባቡር ቢከንፍልኝ፣ ባየር ብሳፈርም፣
የሄደ ካልመጣ መንገድ አያምርም፤
ዋስ ጥራ ይሉኛል፣ ምን ሌላ ዋስ ላምጣ፣
ልቤ ቤት ተቀምጦ ሰውነቴ ሲወጣ።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ከአርባ አምስቱ ቀን አሥራ ዘጠኙ አልፏል። እናቴ በርበሬዋን አስፈጭታ፣ ሽሮዋን አዘጋጅታ ጨርሳለች። ቅቤም አንጥራ ነበር፤ የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ማሰሮውን መልሳ ከደነችና፣ «ይቀመጥ፤ ስንመለስ እንበላዋለን» አለች።

ቸር ወሬ ያሰማን።